መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ዕቃው እስከ ዛሬ የት ነበር?

አክስቴ ደጀን ነው የሚኖሩት። ሰሞኑን አንድ ማታ በቴሌግራም ቪዲዮ ላኩልኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለት እጆች ከአፈር ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የነሐስ መስቀል ሲያወጡ ያሳያል። ከበስተኋላ በገና ይሰማል። ከሥር በቀይ ቀለም «በጎጃም ምድር 900 ዓመት የተቀበረ ተአምረኛ መስቀል ተገኘ፤ ሳታጋሩ እንዳታልፉ» ይላል። ወረዳ የለም። ቀበሌ የለም። የቆፈረው ሰው ፊቱ አይታይም። አስተያየቱ ግን እልልታና አሜን ብቻ ነው።

ወዲያው ደወሉ።

«አየኸው ልጄ?»

«አየሁት አክስቴ።»

«እውነት ነው? አንተ መቼም መጽሐፍ ስታገላብጥ ነው የምትውለው።»

አክስቴ በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አይደሉም። ገበያ ወጥተው ቅቤ ሲገዙ ሙዝ እንዳልተቀላቀለበት በጣታቸው ዳስሰው ይለያሉ። ለቅቤ የሚያውሉትን ጥንቃቄ መስቀል ላይ ማምጣት ግን ድፍረት ይመስላቸዋል። እንደ እሳቸው የሚያስብ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ጎጃሜ እንዲህ ያለውን ወሬ ቶሎ ቢያምን አይፈረድበትም። አገሩ በእውነት ሀብታም ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግድግዳቸው በሥዕል ተሞልቶ ቆሟል። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ተቀምጧል። መርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ያሠሯት የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ ዛሬም ይታያል። ዲማ አለ፣ ደብረ ወርቅ አለ። በግራኝ ጦርነት ዘመን የጣና ደሴቶች የካህናቱም የመጻሕፍቱም መሸሸጊያ ነበሩ። ስለዚህ «ተደብቆ ኖሮ ተገኘ» የሚለው ነገር እኛ ዘንድ ተረት አይደለም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እውነተኛ ድብቅ ዕቃ ባለበት አገር የሐሰተኛውም ገበያ ይደራል።

ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ። ዕቃው እስከ ዛሬ የት ነበር? ማን ይዞት ነበር? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? ቀድሞ ያየው፣ የጻፈው፣ የመዘገበው ሰው አለ? እውነተኛ ግኝት ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። ሐሰተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ የሚያምር ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ጆን ማክለኪ የተባሉ ቄስ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የእንጨት ጽላት አገኙ። ኢትዮጵያን ስለሚያውቁ ምን እንዳገኙ ወዲያው ገባቸው። ታቦት ነበር። «ቁም ሳጥን ውስጥ ታቦት ተገኘ» ሲባል ለጆሮ ከአክስቴ ቪዲዮ የባሰ የማይታመን ይመስላል። ግን መንገዱ ይታወቃል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላን ዘረፉ። በዘመቻው የነበረ አንድ መኮንን ታቦቱን ይዞ ሄደ፤ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። እዚያው ተቀመጠ፣ ተረሳ፣ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ይዘህ መሄድ ትችላለህ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ካረን ኪንግ የመዳፍ ግማሽ የማታክል የፓፒረስ ቁራጭ ሮም ላይ ለዓለም አስተዋወቁ። በቅብጥ ቋንቋ «ኢየሱስም አላቸው፦ ሚስቴ» የሚል ተጽፎባታል። ዓለም ተናወጠ። ፓፒረሱ ሲመረመር ከ1000 ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች «አለቀ፣ ተረጋገጠ» አሉ። ቁራጯ ከየት መጣች የሚለውን ግን አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጋዜጠኛ ሻጩን እግር በእግር ተከታተለ። የሰውየው ታሪክ ሲፈተሽ ፈረሰ። ጽሑፉም ቢሆን ከታወቀ የቅብጥ መጽሐፍ ላይ እየተቆራረጠ የተቀጠለ መሆኑን ሊቃውንት አሳዩ። ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ቅጂ አንድ የፊደል ግድፈት እንኳ ሳይቀር አብሮ ተገልብጧል። ፕሮፌሰሯም የሐሰት ሳይሆን እንደማይቀር ተቀበሉ። ያረጀ ወረቀት መግዛት ይቻላል። በላዩ መጻፍም ይቻላል። ላብራቶሪው የነገረን የወረቀቱን ዕድሜ ነው፤ የቀለሙን እጅ አልነገረንም።

ይህ የካርቦን ምርመራ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ወሬ ውስጥ ያለቦታው ስለሚገባ ትንሽ ልቆይበት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሰውነቱ ካርቦን 14 ይይዛል። ከሞተ በኋላ ይህ ካርቦን እየቀነሰ ይሄዳል። በ5730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ለክተህ መቼ እንደሞተ ትገምታለህ። ስለዚህ ለብራና ይሆናል፤ ፍየል ነበርና። ለእንጨት፣ ለጨርቅ፣ ለአጥንት፣ ለከሰልም ይሆናል። ነሐስ ግን ሕይወት ኖሮት አያውቅም። ብርና ድንጋይም እንደዚያው። አንድ ሰው «የነሐሱ መስቀል በካርቦን ተመርምሮ 900 ዓመት ወጣው» ካለ፣ ወይ ነገሩ አልገባውም ወይ እያታለለ ነው። አረንጓዴውም ዝገት ምስክር አይሆንም። በሆምጣጤና በጨው በጥቂት ቀን ውስጥ ይመጣል።

ታዲያ ከመሬት የወጣ መስቀል ዕድሜው በምን ይታወቃል? በአጎራባቹ። አጠገቡ የከሰል ቁራጭ ካለ ከሰሉ ይመረመራል። ሸክላ ካለ፣ ሳንቲም ካለ፣ የአፈሩ ንብርብር ካልተናጋ፣ መስቀሉ መቼ እንደተቀበረ ይናገራሉ። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ያሳዘነኝ ይህ ነው። ሁለቱ እጆች መስቀሉን ጎትተው ሲያወጡ አፈሩ ይናዳል። ነገሩ እውነት ከነበረ እንኳ፣ እውነት መሆኑን ሊያሳይ የሚችለው ማስረጃ በዚያች ሰከንድ ጠፋ።

ሮም ላይ ሳንታ ክሮቼ በምትባል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1492 እድሳት ሲደረግ ከግድግዳ ውስጥ የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ወጣ። በጌታ መስቀል ላይ ጲላጦስ ያስቸነከረው ጽሕፈት ነው ተባለ። ስንት ዘመን ተሳለሙት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የካርቦን ውጤት ከ980 እስከ 1146 ባለው ጊዜ የተቆረጠ እንጨት መሆኑን አሳየ። ጌታ ተገንዞበታል የሚባለው፣ ጣሊያን ያለው የቱሪኑ ከፈንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኦክስፎርድ፣ ዙሪክና አሪዞና ለየብቻ መርምረው ከ1260 እስከ 1390 አሉ። ናሙናው ከአንድ ጥግ ብቻ ነው የተወሰደው የሚሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ከፈን በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ1350ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ ላብራቶሪው ከሰጠው ዘመን ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1389 ደግሞ የትሯ ከተማ ጳጳስ ፒየር ዳርሲ «ይህ በሰው እጅ የተሣለ ነው» ብሎ ጽፏል። ማይክሮስኮፕ የለ፣ ካርቦን የለ። ጳጳሱ ተነሥቶ የጠየቀው እኔ የምለውን ጥያቄ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር?

መጠራጠርን ከምዕራባውያን ሳይንስ የመጣ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ይህን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1098 አንጾኪያ ላይ የጌታን ጎን የወጋው ጦር ከመሬት ተቆፍሮ ተገኘ ሲባልም ቀድሞ የተጠራጠረው የመስቀል ጦረኞቹ ጳጳስ አዴማር ነበር።

እኛም ዘንድ ይህ ዕውቀት አለ። በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ዘመዴ ደብረ ማርቆስ ላይ ብራና ሊገዛ ተዋዋለ። ሻጩ «በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተጻፈ፣ ዋሻ ውስጥ የተገኘ፣ ከአያቴ የወረስኩት» ብሎታል። ዋሻ ውስጥ የተገኘና ከአያት የተወረሰ እንዴት አንድ ላይ ይሆናል? ዘመዴ ይህን አላሰበውም። ለማንኛውም አሳምኜው መጽሐፉን አንድ መሪጌታ ዘንድ ወሰድነው።

የኔታ እጃቸውን ታጠቡ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሳያነቡ መጀመሪያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ጭስ ነው» አሉ። «የዕጣን አይደለም። የማድቤት ጭስ ነው።»

ከዚያ ገጹን በብርሃን አንጻር ያዙት። «ይኸውልህ ልጄ፣ መጽሐፍ የሚያረጀው በሚነካበት ነው። በምትገልጥበት ጥግ የጣት እድፍ ይጠቁራል። መሀሉ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ይሄ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።» ቀጥለው ብል የበላው ቀዳዳ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀለሙ በቀዳዳው ዳር ወደ ውስጥ ፈስሷል። ብሉ ጽሑፉን በልቶት ቢሆን ፊደሉ ተቆርጦ ነበር የሚገኘው። እዚህ ግን ቀዳዳው ቀድሞ ነበረ፤ ጽሑፉ በኋላ መጣ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ማስታወሻ አለ። በ6950 ዓመተ ዓለም፣ በዘርዐ ያዕቆብ መንግሥት፣ በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ ይላል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቀመር፣ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዓመተ ዓለሙን ለአራት ታካፍላለህ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 6950 ለአራት ሲካፈል 1737 ደርሶ ሁለት ይተርፋል። ማርቆስ ነው። ንጉሡ ትክክል ነው፤ 6950 ማለት 1450 ዓ.ም. ነውና ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋኑ ላይ ነበሩ። የንጉሡን ስም ማንም ያውቃል። ወንጌላዊውን ግን የሚያውቀው የተማረ ነው።

«የኔታ፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ይሳሳታል። ቁም ጸሐፊም ሰው ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ጭሱም፣ ቀዳዳውም፣ ቁጥሩም አንድ ቃል ሲናገሩ ግን ሦስት ምስክር ሆነ።» መጽሐፉን ዘግተው ለዘመዴ መለሱለት። «ጳውሎስ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ነው ያለው።»

ዋሽንግተን የሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልሎች፣ ማለትም ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፎች፣ ናቸው ብሎ ያሰባሰባቸው 16 ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. በ2020 ሁሉም ሐሰት መሆናቸው ሲታወቅ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። ያረጀ ቆዳ ላይ የተጻፈው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። እነሱ በውድ ማይክሮስኮፕ ያዩትን የኔታ በመስኮት ብርሃን አዩት።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ፤ ምክንያቱም ጥርጣሬም ልክ ያልፋል። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ሁለት የወንጌል መጻሕፍት አሉት። መነኮሳቱ አባ ገሪማ የጻፏቸው ናቸው ይላሉ፤ የ6ኛው መቶ ዘመን ማለት ነው። የውጭ ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን አልተቀበሉም። ከ1100 በፊት አይሆንም ይሉ ነበር። ከጥቂት ብጣሽ ብራና የተወሰደ ናሙና ኦክስፎርድ ሲመረመር ግን ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ ወደቀ። መነኮሳቱ በዘመኑ ልክ ነበሩ። እርግጥ ምርመራው አባ ገሪማ በእጃቸው ጻፉት አይልም፤ ያን ካርቦን አይነግርህም። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ መጻሕፍት ድንገት አልተገኙም። ገዳሙ ትውልድ ከትውልድ ጠብቋቸው ኖሯል። ሰንሰለቱ ስላለ ወሬው ክብደት ነበረው።

በመስቀሉ ግማድም ላይ እንዲሁ ነው። «በዓለም ያለው ቁራጭ ሁሉ ቢሰበሰብ መርከብ ይሞላል» የሚል የድሮ ፌዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1870 ሮ ደ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ ቁጭ ብሎ የታወቁትን ቁርጥራጮች መጠን ደመረ። አንድ መስቀል እንኳ አይሞሉም። ይህ ቁርጥራጮቹ እውነተኛ ናቸው ማለት አይደለም። ፌዙ ግን ሳይለካ የተወራ ነበር።

ለጎጃም ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የሥዕሎቹ ጉዳይ ይመስለኛል። በብዙ ደብር «ይህን ቅዱስ ሉቃስ ነው የሣለው» የሚባል የእመቤታችን ሥዕል አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳያና ስፔንሰር የተባሉ ተመራማሪ እነዚህን ሥዕሎች ፍለጋ የጎጃምን አብያተ ክርስቲያናት ዞሩ። ከፍለጋው የወጣው አንድ ትልቅ ነገር የኒኮሎ ብራንካሊዮን ሥራ ነው። ይህ ሰው የቬኒስ ሰዓሊ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ መጥቶ አገራችን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። አገሬው መርቆሬዎስ ይለው ነበር። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እዚሁ አግኝቶታል።

እስቲ አስቡት። አንድ የባዕድ አገር ሰው በዚያ ዘመን ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ሸምግሎ፣ ለኛ አብያተ ክርስቲያናት ሲሥል ኖረ። ይህን ታሪክ የሸፈነው «ሉቃስ ሣለው» የሚለው ቃል ነው። ኵርዐተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል፣ ከመቅደላ የተወሰደውም እንደዚያ ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር። ሊቃውንት የ16ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሥዕል ነው ይላሉ። የሉቃስ አለመሆኑ ክብሩን አይወስድም። የተጸለየበት ጸሎት፣ የተፈሰሰበት እንባ የኛ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ከመቅደላ ወስዶ ለራሱ ያስቀረው፣ በመጨረሻም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ የገባው የኛ ታሪክ ነው። እንዲመለስ የምንጠይቀውም በዚህ እውነተኛ ታሪኩ ነው።

የክርስቶስ ደም ተገኘ ስለሚለው ቪዲዮ ደግሞ አጭር ነገር ልበል፤ በየጊዜው ይመጣልና። ሮን ዋያት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 ታቦተ ጽዮንን ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጎልጎታ ሥር አየሁ፣ የክርስቶስ ደም ፈስሶበታል፣ ደሙ ተመርምሮ 24 ክሮሞሶም ወጣው አለ። በ1999 እስኪሞት ድረስ የመረመረውን ላብራቶሪ ውጤት አላሳተመም። ይህን በአማርኛ ተተርጉሞ ሼር የሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ያስተውሉ። የዋያት ወሬ እውነት ከሆነ ታቦቱ አክሱም የለም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ «አሜን» ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል? ጉዳቱ በወሬ ስለማያበቃ ነው። ቪዲዮ ያየ ወጣት ዶማ ይዞ ይወጣል። ያገኘውን በሎሚና በአሸዋ ፈትጎ ያስጌጣል፤ ፍቆ የጣለው ማስረጃውን ነው። ያረጀ ብራና ተበትኖ አዲስ ሥዕል እየተሣለበት ለቱሪስት ይሸጣል፤ እውነተኛው መጽሐፍ በሐሰተኛ ሥዕል ይሞታል። ሌባም ቪዲዮ ያያል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዷል። በ2001 የተመለሰው የታወቀ ስለነበረ ነው። ያልተመዘገበ መስቀል ቢጠፋ ምን ብለህ ትጠይቃለህ?

ስለዚህ መሬት ውስጥ መስቀል ያየ ገበሬ አይጎትተው፣ አይጠበው። አፈሩን እንዳለ ይተወው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለቤተ ክህነቱ ይንገር። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። ፎቶውን ቢያነሣ ጥሩ ነው። ሼር ማድረጉ ይቆይ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ አላልኩም። «አክስቴ፣ ቪዲዮውን የላከልዎትን ሰው ከየት አገኘኸው ብለው ይጠይቁልኝ» ብቻ አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። የላከላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። እሱ ከአዲስ አበባ ከአጎቱ ልጅ ነው ያገኘው። እሷ ደግሞ ከማኅበር ጓደኛዋ። ጓደኛዋን ራሳቸው ደውለው አነጋግረዋታል።

«ምን አለችዎት?»

«እሷ እንኳ ጎጃም አላለችም» አሉኝ። «ለእሷ ሲደርሳት ከሥሩ የተጻፈው ወሎ ነበር።»